ሲበላሽ ወዴት ይወድቃል? የመርሴዲስ 300ኤስዲ ጉዳይ ጥናት

በ1978 አሜሪካ ውስጥ ይህን ትልቅ መርሴዲስ የገዛ ሰው፣ ነዳጅ ሊቀዳ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከጭነት መኪኖች ኋላ ነበር የሚሰለፈው። መኪናው ኤስ-ክላስ፣ ማለትም ከመርሴዲስ የቅንጦት መኪኖች አንዱ ነው። ሰፊ ወንበር አለው፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ኮከቧ ቆማለች። ሞተሩ ግን የናፍጣ ነው። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ወዲያው አይነሳም፤ ማሞቂያዎቹ እስኪግሉ መጠበቅ አለ። ሲነሳም እንደ ጀርመን ታክሲ ኳ ኳ ይላል።

ይህ መኪና 300ኤስዲ ይባላል። ፋብሪካው ደብሊው 116 ብሎ ከሚጠራው የኤስ-ክላስ ትውልድ ነው። ቱርቦ የተገጠመለት የናፍጣ ሞተር ይዞ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው የቤት መኪና እሱ ነው። ከ1978 እስከ 1980 ድረስ 28,634 ተሠሩ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተሠራው ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ብቻ ነው። ፋብሪካው ጀርመን ውስጥ ሆኖ ጀርመኖቹ ራሳቸው ከሻጭ ቤት ሊገዙት አልቻሉም።

ስለዚህ መኪና ሲወራ ሁለት ነገር ይባላል። አንደኛው «ሞተሩ አይሞትም» ነው። ሁለተኛው «አካሉ ታንክ ነው» ነው። በእኔ ግምት ሁለቱም መኪናውን በትክክል አይገልጹትም። የማይሞት ሞተር የለም። ታንክ የሆነ መኪና ደግሞ ሲጋጭ ተሳፋሪውን ይገድላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን። የመሐንዲሶቹ ብልሃት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዕቃው እንደሚበላሽ፣ ሾፌሩም እንደሚሳሳት ቀድመው ተቀብለዋል። ከዚያ በኋላ የጠየቁት «ሲበላሽ ወዴት ይወድቃል?» የሚለውን ነው። በጠየቁበት ቦታ መኪናው ድንቅ ነው። ባልጠየቁበት ቦታ ደግሞ እንደማንኛውም መኪና ያስቸግራል።

ነገሩን የጀመረው ሕግ ነው

ደብሊው 116 በ1972 ሲወጣ ነዳጅ ርካሽ ነበር። ሞተሮቹ ስድስትና ስምንት ሲሊንደር ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች ነበሩ። በዓመቱ፣ በጥቅምት 1973፣ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ማደያዎች ላይ ሰልፍ ሆነ። በ1974 የአውራ ጎዳና ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ላይ ተገደበ። በታኅሣሥ 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ አንድ የኢነርጂ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ እያንዳንዱ መኪና አምራች በዓመት የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ ምን ያህል ነዳጅ መብላት እንዳለባቸው ይወስናል።

ለ1978 ሞዴል አማካዩ በጋሎን 18 ማይል ነበር። በለመድነው ስሌት ለ100 ኪሎ ሜትር 13.1 ሊትር ገደማ ነው። በ1985 ደግሞ 27.5 ማይል፣ ማለትም 8.6 ሊትር ገደማ፣ መድረስ ነበረበት።

እዚህ ላይ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። አንድ ኩባንያ 100 ኪሎ ሜትር ላይ 20 ሊትር የሚበላ ትልቅ መኪና ሸጠ እንበል። 10 ሊትር የሚበላ ናፍጣ አንድ ቢሸጥ አማካዩ 15 ይሆናል፤ ወደቀ። ሁለት ናፍጣ ቢሸጥ 13.3 ይሆናል፤ አሁንም ለጥቂት ወደቀ። ሦስት ሲሸጥ 12.5 ሆነና አለፈ። አንድ ስምንት ሲሊንደር ለመሸጥ ሦስት ናፍጣ መሸጥ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያመጣኋቸው ናቸው፤ ጨዋታው ግን ይኸው ነው።

ቅጣቱ በራሱ ያን ያህል አያስፈራም ነበር። ከአማካዩ ለጎደለ ለእያንዳንዱ የማይል አንድ አሥረኛ፣ በአንድ መኪና 5 ዶላር ነው። ሁለት ማይል የጎደለበት በመኪና 100 ዶላር ይከፍላል። ውድ መኪና ለሚሸጥ ኩባንያ ይህ የሚቻል ወጪ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት መርሴዲስ ይህን ቅጣት ከፍሎ ያውቃል። የሚያሰጋው የሕጉ አቅጣጫ ነበር። መስፈርቱ ከዓመት ዓመት እየጠበቀ ይሄዳል። ከ1980 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ነዳጅ በሚጨርሱ መኪኖች ላይ ቀጥታ ገዢው የሚሸከመው ሌላ ግብር ተጨመረ።

መርሴዲስ አንድ ጥቅም ነበረው። ናፍጣን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1936 በርሊን ላይ ያሳየው 260ዲ በተከታታይ ከተመረቱት የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ የቤት መኪኖች አንዱ ነው። በ1974 ደግሞ ባለ አምስት ሲሊንደር ሦስት ሊትር ናፍጣ አወጣ። ኦኤም 617 ይባላል። አምስት ሲሊንደር በቤት መኪና ላይ ሲገጠም ያ የመጀመሪያው ነው። ለምን አምስት? አራት ሲሊንደሩ ጉልበት አነሰው። ስድስት ሲሊንደር ደግሞ ረጅምና ከባድ ይሆናል። አምስት መሀል ላይ ያለ መፍትሔ ነው።

ችግሩ ጉልበቱ 80 ፈረስ ብቻ መሆኑ ነው። ኤስ-ክላስ ከ1,700 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በዚያ ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮና አየር ማቀዝቀዣ ከሞተሩ ላይ ይበላሉ። ይህን ሞተር እንዳለ ብታስገቡት መኪናው ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ግን ባለቤቱን ያሳፍረዋል። የቅንጦት መኪና ገዢ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይችላል እንጂ እፍረትን አይችልም።

ብርቱካናማዋ የሙከራ መኪና

መልሱ የተገኘው ለሽያጭ ካልቀረበች መኪና ነው። ሲ111 ትባላለች። ዝቅ ያለች፣ ብርቱካናማ፣ በሮቿ ወደ ላይ የሚከፈቱ የሙከራ መኪና ናት። በ1969 ፍራንክፈርት ላይ ስትታይ ሞተሯ ፒስተን የሌለው ቫንክል ነበር። ቫንክል ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ ፕሮጀክቱ ተተወ። መሐንዲሶቹ በ1976 በዚያው አካል ውስጥ ያንኑ ባለ አምስት ሲሊንደር ናፍጣ አስገቡና ቱርቦ ጨመሩበት። ከሦስት ሊትር 190 ፈረስ ጉልበት አወጡ።

በሰኔ 1976 ደቡብ ጣሊያን ናርዶ ወዳለው ክብ የመሞከሪያ መንገድ ወሰዷት። አራት ሾፌሮች እየተፈራረቁ ከ60 ሰዓት በላይ ነዷት። አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 252 ኪሎ ሜትር ሆነ። 16 ሪኮርድ ሰበረች። ከእነዚህ ሦስቱ የናፍጣ ብቻ ሳይሆኑ የማንኛውም ሞተር ሪኮርዶች ነበሩ።

ሪኮርዱ ለጋዜጣ ጥሩ ነው። ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ማንም ሾፌር በተራ መንገድ ላይ 60 ሰዓት ሙሉ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ አይነዳም። እንደዚያ ሲነዳ ምን እንደሚቀልጥ፣ ምን እንደሚሰነጠቅ፣ ዘይቱ ምን እንደሚሆን ናርዶ ላይ ይታያል። ከዚያ ተመልሰው ለ300ኤስዲ የሰጡት 115 ፈረስ ብቻ ነው። 190 እንደሚወጣው እያወቁ 115 ላይ ቆሙ። ልዩነቱ ለዕድሜ የተቀመጠ ቁጠባ ነው።

ሲ111 ሌላም ነገር አውርሳለች፣ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም። የደብሊው 116 የፊት እግር፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል፣ አሠራሩ የተሞከረው በእሷ ላይ ነው። የዚህን ጥቅም ስለ አካሉ ስናወራ እንመለስበታለን።

ሙቀቱ የት ይሂድ?

ናፍጣ ሞተር እሳት የሚያስነሳ ካንዴላ የለውም። አየሩን ወደ 21 እጥፍ ገደማ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። አየር መግቢያው ላይም እንደ ቤንዚን ሞተር የሚዘጋና የሚከፈት በር የለም። አየሩ ሁልጊዜ እንደ ልብ ይገባል። ሾፌሩ ሲረግጥ የሚጨምረው ናፍጣውን ነው። ናፍጣው ከአየሩ በላይ ሲሆን ጥቁር ጭስ ይመጣል። ስለዚህ የጉልበቱ ወሰን አየር ነው።

ቱርቦ ይህን ወሰን ይገፋዋል። የሚወጣው ጭስ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ ደግሞ በሌላ ጫፉ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲኖር ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል። የ300ኤስዲ ቱርቦ ጋሬት የተባለው ኩባንያ ሥራ ነው። ጉልበቱ ከ80 ወደ 115 ፈረስ ወጣ። የማዞር ኃይሉም ከ172 ወደ 235 ኒውተን ሜትር አደገ። ዳገቱ ተፈታ።

ጉልበት በነፃ ግን አይመጣም። ብዙ ናፍጣ ሲነድ ብዙ ሙቀት አለ። ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያርፈው ፒስተኑ አናት ላይ፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ላይና ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ቴስታታ ላይ ነው። ተራ ፋብሪካ ቢሆን ቱርቦውን በድሮው ሞተር ላይ ሰክቶ ይሸጠው ነበር። በዚያው ዘመን የቤንዚን ሞተርን ወደ ናፍጣ ቀይሮ በችኮላ ገበያ ያወጣ የአሜሪካ አምራች ነበር። ቴስታታ የሚይዙት ብሎኖች አልቻሉም፣ በቴስታታውና በሞተሩ መሀል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ እየፈነዳ የናፍጣን ስም አጠፋ።

እዚህ የተደረገው የተለየ ነው። ከታች፣ ከሞተሩ ሆድ፣ ዘይት ወደ እያንዳንዱ ፒስተን የሚረጭ ቀጭን አፍንጫ ተገጠመ። ዘይቱ ሙቀቱን ይዞ ይወርዳል። እንግዲህ ዘይቱ ራሱ ይግላል፤ ስለዚህ የዘይት ፖምፓውም የዘይት ማቀዝቀዣውም ከቀድሞው እንዲበልጡ ተደረገ። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ ላዩ በሙቀት ሕክምና እንዲጠነክር ሆነ። የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ግንድ ውስጡ ክፍት ሆኖ ሶዲየም ተሞላበት። ሶዲየም 98 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚቀልጥ ብረት ነው። ሞተሩ ሲግል ፈሳሽ ይሆናል። ቫልቩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመታ ፈሳሹም አብሮ እየተናወጠ ሙቀቱን ከቫልቩ አናት ወደ ግንዱ ያመላልሳል። ከግንዱ ወደ ቴስታታው፣ ከቴስታታው ወደ ውሃው ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ስታዩ አንድ ነገር ትገነዘባላችሁ። ሙቀቱን ለማስቀረት አልሞከሩም። ሙቀቱ እንደሚመጣ አምነው መንገድ ቀደዱለት።

ቱርቦው ራሱ ቢሳሳትስ? ትርፍ ጭስ የሚያሳልፍ በር አለው። ያ በር ተጣብቆ ባይከፈት ግፊቱ ከመጠን ያልፋል፣ ሞተሩም ሊሰበር ይችላል። ለዚህ ሁለተኛ ጠባቂ አስቀመጡ። የናፍጣ ፖምፓው ላይ የአየሩን ግፊት እየለካ ናፍጣውን የሚመጥን ክፍል አለ። ግፊቱ ከተወሰነው ሲያልፍ ለዚህ ክፍል የሚሄደው መልእክት ይቋረጣል። ክፍሉም ቱርቦ የሌለ ይመስለውና ናፍጣውን ይቀንሳል። መኪናው ይደክማል፣ ግን ይሄዳል። ሾፌሩ እየተራገመ ጋራዥ ይደርሳል። ሞተሩን ከመስበር ሾፌሩን ማናደድን መርጠዋል። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው።

አልጠፋ የሚለው ሞተር

እስካሁን በዚህ መኪና ባለቤቶች ዘንድ የሚወራ ታሪክ አለ። ሰውየው መኪናውን ያቆማል፣ ቁልፉን ያወጣል፣ በሩን ዘግቶ ይወርዳል። ሞተሩ አሁንም እየሠራ ነው። ቁልፉ እጁ ላይ ነው!

ምክንያቱ ይኸውና። የቤንዚን ሞተር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ይቆማል። ይህ ናፍጣ ግን አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ፖምፓው በሞተሩ ጉልበት ይዞራል፣ ናፍጣው በግፊት ይቀጣጠላል። ባትሪውን ብትነቅሉትም ይሠራል። ስለዚህ ለማጥፋት ናፍጣውን መዝጋት ያስፈልጋል። መርሴዲስ ይህን በቫኩም፣ አየር ተመጥጦ ሲወጣ በሚፈጠር የመሳብ ኃይል፣ አደረገው። ቁልፉ ሲመለስ ቫኩም ወደ ፖምፓው ይሄዳል፣ ቫኩሙ አንዲት ምላስ ይስባል፣ ናፍጣው ይዘጋል።

ናፍጣ ሞተር በራሱ ቫኩም የለውም፣ አየር መግቢያው ላይ በር የለውምና። ሞተሩ የሚያዞረው የቫኩም ፖምፓ ተገጠመለት። ቫኩሙ ካለ አይቀር ብዙ ሥራ ተሰጠው። ፍሬኑን ያግዛል። በሮቹን ሁሉ ባንዴ ይቆልፋል። የአየር ማቀዝቀዣውን በሮች ይከፍታል። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ምን ያህል መለዘብ እንዳለበትም ይነግረዋል። አንድ ፖምፓ፣ ብዙ ቀጫጭን ቱቦ።

ከጊዜ በኋላ የጎማ መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ። አንዱ የበር ቁልፍ ውስጥ ያለ ስስ ጎማ ይቀደዳል። ቫኩሙ በዚያ ይሾልካል። ያኔ ካምቢዮው እየመታ ይቀይራል፣ ሞተሩም አልጠፋ ይላል። የተበላሸው የኋላ በር ቁልፍ ነው፤ የታመመው ሞተሩ ይመስላል። ይህን የማያውቅ መካኒክ ስንት ቀን እንደሚያጠፋ መገመት ይቻላል።

ብዙዎች ይህን እንደ ቂል ንድፍ ያወሩታል። እኔ አልስማማም። አማራጩን እናስብ። ናፍጣውን ከፍቶ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ብዙ ናፍጣ መኪኖች እንደዚያ ናቸው። ያኔ አንድ ፊውዝ ቢቃጠል ሞተሩ ድንገት ይቆማል። ቦታው አውራ ጎዳና፣ ከኋላ ትልቅ ጭነት መኪና ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲቆም መሪው ይከብዳል። ፍሬኑም የተጠራቀመው ቫኩም ካለቀ በኋላ እንደ ድንጋይ ይሆናል። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ቫኩም ሲመጣ ሞተሩ ይቆማል፣ ቫኩም ሲጠፋ ይቀጥላል። ስርዓቱ ሲበላሽ ወደ «መሄድ» ይወድቃል። ቤት ደርሰህ አልጠፋ ቢልህ ኮፈኑን ትከፍታለህ። «ስቶፕ» የሚል የተጻፈበት ትንሽ መጫኛ አለ። ስትጫነው ያርፋል። የመጫኛው እዚያ መኖር ራሱ ምስክር ነው። ይህ ቀን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

የሚጨፈለቀውና የማይጨፈለቀው

አሁን «ታንክ ነው» ወደሚለው ወሬ እንመለስ።

መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግድግዳ ቢመታ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ያለውን ፍጥነት ሁሉ ማጣት አለበት። አፍንጫው 60 ሳንቲ ሜትር ተጨፍልቆ ቢቆም ውስጥ ያለው ሰው ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ የክብደቱ 16 እጥፍ ገደማ ነው። ቀበቶ ካሰረ ሊተርፍ ይችላል። አፍንጫው እንደ ታንክ ጠንክሮ በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢቆም ግን ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል። መኪናው ሳይጎዳ ሰውየው ይሞታል።

ይህን መጀመሪያ በብረት የጻፈው ቤላ ባሬኒ ነው። በ1907 ቪየና አጠገብ የተወለደ፣ ለመርሴዲስ የሠራ መሐንዲስ ነው። በ1951 ያስመዘገበው ፈጠራ መኪናን ለሦስት ይከፍላል። መሀሉ የተሳፋሪው ክፍል ነው፣ ጠንካራ። ፊትና ኋላ ደግሞ ሆን ተብለው የላሉ፣ የሚጨፈለቁ። ሐሳቡ በ1959 ደብሊው 111 በሚባለው የመርሴዲስ ሞዴል ላይ ወደ ምርት ገባ። በዚያው ዓመት በመስከረም ጀርመን ውስጥ ሲንደልፊንገን ላይ የኩባንያው የመጀመሪያ የግጭት ሙከራ ተደረገ። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ የኩባንያው ሰዎች እውነተኛ አደጋ የደረሰባቸውን መርሴዲሶች እየሄዱ ይመረምሩ ጀመር። የደብሊው 116 አካል የተወለደው በዚህ ሁሉ መሀል ነው። አሜሪካ ባነሳችው የሙከራ ደህንነት መኪና መርሃ ግብር ውስጥ መርሴዲስ በ1974 ያሳየው ኢኤስኤፍ 24 የተሠራውም በዚሁ አካል ላይ ነው።

በደብሊው 116 ላይ የጣሪያው ክፈፍና የበሮቹ ምሰሶዎች ጠነከሩ። የበሮቹ ቁልፎች በሽብልቅ ቅርጽ የሚያያዙ ናቸው። በግጭት ጊዜ በሩ ተበርግዶ ሰው እንዳይወረውር፣ ከግጭቱ በኋላም ተጣብቆ ሰው እንዳያስቀር ነው የተሠሩት። መሪው አራት ክንድ ያለውና መሀሉ ሰፊ ትራስ የሆነ ነው፤ ደረት ሲመታው ይለዝባል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የነዳጅ ታንኩ ነው። በቀድሞው ኤስ-ክላስ ታንኩ ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ነበር። ከኋላ የመታ መኪና የሚያገኘው እሱን ነው። በዚህኛው ላይ ከኋላ አክሱ በላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ ወጣ። ዕቃ መጫኛው ጥልቀት አጣ፣ ሻንጣ የሚወድ ያማርራል። ግን ከኋላ የሚመጣ ኃይል ታንኩ ጋር ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ መጨፍለቅ የሚችለውን ሁሉ ይጨፈልቃል። በ300ኤስዲ ላይ ደግሞ ታንኩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል። ናፍጣውን የመረጡት ለነዳጅ ሕጉ ብለው ነው። የእሳት አደጋ መቀነሱ ምርቃት ነው።

የፊት እግሩን ላንሳ ብዬ ነበር። ጎማው የሚዞርበት መስመር መንገዱን የሚነካው በጎማው መሀል ላይ ነው። ይህ ምን ያደርጋል? አንዱ ጎማ አስፋልት ላይ፣ ሌላው አሸዋ ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ አንድ ጎን አይጎተትም። በዚያ ላይ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው እንዳይደፋ የሚያደርግ አሠራር አለው። ይህ በደህና ቀን የማይታይ ነገር ነው። በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ፍሬንም በዚሁ አካል ላይ ነው የመጣው። መርሴዲስና የመኪና ዕቃ አምራቹ ቦሽ በነሐሴ 1978 አሳዩት፤ በዓመቱ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ተጨማሪ ከፍሎ ለሚፈልግ ኤስ-ክላስ ላይ ይገጠም ጀመር።

ከትንንሾቹ ደግሞ የኋላ መብራቶቹን ልጥቀስ። ፊታቸው ልሙጥ አይደለም፣ እንደ ታጠፈ ቆርቆሮ ሸንተረር አለው። ጭቃው ወጣ ያሉትን ጠርዞች ሲሸፍን ገባ ያሉት ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። መብራቱ ይታያል። መስታወት ማጽጃ የለም፣ ሞተር የለም፣ የሚበላሽ ነገር የለም። የመጥፎ ቀን ንድፍ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሜሪካ ሲደርስ ግን መኪናው ትንሽ ተበላሸ። የአገሪቱ ሕግ በሰዓት 5 ማይል ግጭት የሚችል ፓራውልት ይጠይቅ ነበር። ከፊትም ከኋላም ትልልቅ ብረት ወጣ፣ ክብደትም ተጨመረ። የፊት መብራቱም በሕግ የታሸገ ክብ አምፖል መሆን ነበረበት። የአውሮፓው ሰፊ መብራት ወረደና ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ክብ መብራት ገባ። ሌሊት ለሚነዳ ሰው ይህ ወደ ኋላ መሄድ ነው። አንዱ ሕግ ይህን መኪና ወለደው፣ ሌላው ሕግ ዓይኑን አደከመው።

ያልተጠየቀባቸው ቦታዎች

አሁን ወደ ጉድለቱ። ትልቁ አካሉ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የግጭት ሙከራ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ሙሉ አፍንጫውን ግድግዳ ያስመታ ነበር። እውነተኛ አደጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ሾፌሩ በመጨረሻዋ ቅጽበት መሪውን ይጠመዝዛል፤ የሚመታው የአፍንጫው ግማሽ ብቻ ነው። ያኔ ኃይሉን ሁሉ አንዱ ጎን ብቻውን ይሸከማል። ይህን ያስተማሯቸው በ1969 የጀመሩት የአደጋ ምርመራ ፋይሎች ናቸው። መልሱ የመጣው በ1979 በታየው በተከታዩ ኤስ-ክላስ፣ በደብሊው 126 ላይ ነው። እሱ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የአፍንጫውን አንድ ጎን ብቻ የሚመታ ግጭትን ታሳቢ አድርጎ ተነደፈ፤ የፊት ብረቶቹ እንደ ሹካ ተከፍለው ኃይሉን ወደ ወለሉ፣ ወደ መሀሉና ወደ ጎኑ ያከፋፍላሉ። ኤርባግም በ1981 የመጣው በዚያ አካል ነው። 300ኤስዲ በደብሊው 116 አካሉ ይህ ሁሉ የለውም። ዛሬ ሰው «ድሮ ብረት ነበር» እያለ ልጆቹን ጭኖ ሲነዳው ብታዩ፣ ብረቱ ሳይሆን ንድፉ እንደነበረና ንድፉም እንዳረጀ ብትነግሩት ደግ ነው። ዝገቱንም እዩለት። የፓራፋንጎና የወለል ዝገት ውበት ብቻ አይደለም የሚያጠፋው፤ ኃይል ተሸካሚውን ብረት ነው የሚበላው።

ሁለተኛው የአየር ማቀዝቀዣው ነው። ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክለው ክፍል ከአሜሪካው ክራይስለር ንድፍ የተወሰደ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሞተሩ ትኩስ ውሃ ያልፋል። የፕላስቲክ ቅርፊቱ በመጋልና በመቀዝቀዝ ብዛት ይሰነጠቃል፣ ውሃው ይፈሳል። እስቲ አስቡት። ለዘይቱ፣ ለቫልቩ፣ ለፒስተኑ ያን ያህል ተጨንቀው፣ የምቾት ዕቃ ሲሰነጠቅ የሞተሩን ውሃ ይዞ እንዲወድቅ ፈቀዱ።

ሦስተኛው ጭሱ ነው። አሜሪካ ከ1982 ሞዴል ጀምሮ የናፍጣ መኪኖችን ጥቀርሻ በማይል 0.6 ግራም ላይ ገደበች። ሞተሩ በደብሊው 126 አካል ውስጥ እስከ 1985 ቀጠለ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት መርሴዲሶች አብዛኞቹ ናፍጣ ነበሩ፤ ሂሳቡ ሠርቷል ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ግን ከሌላው ጠበቅ ያለ ነገር ጠየቀች። ለ1985 ሞዴል እዚያ በሚሸጡት ላይ ጥቀርሻ የሚይዝና የሚያቃጥል የሴራሚክ ማጣሪያ ተገጠመ። ማጣሪያው እንዲሠራ መጋል አለበት፤ ስለዚህ ጭሱ በጣም ትኩስ በሆነበት ቦታ፣ ከሞተሩ ወጥቶ ቱርቦው ጋር ከመድረሱ በፊት ተቀመጠ። ሴራሚኩ እየተሰነጠቀ ይፈረፍር ጀመር። ፍርፋሪው ከጭሱ ጋር ተነዳ። ከፊቱ ያገኘው ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችለውን የቱርቦ ተርባይን ነበር።

ኩባንያው መኪኖቹን ጠራ። ማጣሪያው በነፃ ተፈታ።